የደስታ መርዶ

ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ደርሶ የእትዬ እልፍነሽን ፓፓያ ሳይገዛ ያለፈ መንገደኛ ካለ ወይ እንቅልፍ ጥሎታል፣ ወይ ኪሱን ተሰርቋል። ባቡሩ ፍሬን ይዞ ሳይቆም እሷ መስኮት ሥር ደርሳለች። ፓፓያውን በቢላ ለሁለት ትከፍልና ቀዩን ሆዱን ወደ መንገደኛው አዙራ፣ «እየው! ስኳር ወንጂ ብቻ ያለ መስሎሃል?» ትላለች። አልገዛም ያለውን ትሰድበዋለች፤ የተሰደበው ይስቅና ይገዛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ ሰድቤ ቢሆን ኖሮ እስካሁን የስፌት መኪናዬን ሸጬ በበላሁ። የእሷን ስድብ ግን ምን እንዳስወደደው አላውቅም፣ ሰው ለመሰደብ ብሎ ከመስኮት አንገቱን ያወጣ ነበር።

ሰብስቤ እባላለሁ። የእኔን ቤትና የእሷን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሳስነጥስ «ይማርህ» የምትለኝ ከወዲያ ሆና ነው። ስለዚህ የምጽፈውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ።

የተወለደችው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። አባቷ በታንኳ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን የተማረችው እዚሁ ጣቢያው ላይ ከመንገደኛ ጋር ዋጋ ስትከራከር ስለሆነ፣ ለክርክር የሚሆነው ቃል ሁሉ ምላሷ ላይ ነው። በጣም ስትናደድና በጣም ስትደሰት ግን ወደ ኦሮምኛዋ ትመለሳለች። ናዝሬት ያመጣት ባሏ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ልጆቻቸው ገርባና ሎሚ ነፍስ ሳያውቁ ወባ ገደለው። አርባው በወጣ ማግስት ቅርጫቷን አንጠልጥላ ጣቢያው ላይ ቆመች፤ ከዚያ ወዲህ ልጆችሽን እኔ አሳደግኩልሽ የሚላት ሰው የለም።

ገርባ የዘመተው በ1969 ነው፣ የእናት አገር ጥሪ የተባለ ጊዜ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ባቡሩ በእኛው ጣቢያ አለፈ። ያን ቀን እሷ አንድ ፓፓያ አልሸጠችም። ቅርጫቱን እንዳለ በመስኮት ወደ ውስጥ ገፍታ፣ «ተካፈሉት፣ እንዳትጣሉበት» አለች። ወታደሮቹ ሳቁ። ገርባም ሳቀ። ባቡሩ ሲሄድ ቅርጫቷም አብሮ ሄደ።

በዓመቱ አንድ በክራንች የሚሄድ የሠፈራችን ልጅ ከግንባር ተመለሰና ጅጅጋ አጠገብ ገርባ ዓይኑ እያየ እንደወደቀ ለእድራችን ተናገረ። መርዶውን በወጉ አረዳናት። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ መርዳሳ ከፊት ሆነው። ጋሽ መርዳሳ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሉ እትዬ እልፍነሽ አልጮኸችም፤ እንደቆመች ወደቀች። በቃሬዛ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ልቧ ተጎድቷልና ከእንግዲህ ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሟት ብሎ አስጠነቀቀን። ይህን ቃል እድሩ በሙሉ እንደ ሕግ ያዘው።

ተነሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ተመስገን ነው። ስድቡም ቀልዱም አልቀረም። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ሆነ። ፓፓያ ስትከፍል ትውላለች፣ አንድ ቀን ስትቀምስ አይቻት አላውቅም። የጋለ ድስት በባዶ እጇ አንሥታ ባለቤቴ አሰለፈች ስትጮህ፣ «ምነው? ምንም አልተሰማኝም» ትላለች። ሎሚን ዳረች፤ ሎሚ ባሏን ተከትላ ዝዋይ ገባች። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

በ1980 ነሐሴ ላይ ሬዲዮው የጦር ምርኮኞች ከሶማሊያ ሊመለሱ ነው አለ። ሰማነው፣ ደስ አለን፣ ወደ ሥራችን ተመለስን። የእኛን ልጅ አልቅሰን ጨርሰነዋል፤ ማን ያስበዋል?

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኑሬ ወደ ሱቄ ገባ። ኑሬ የድሬዳዋ ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው። ወንበር ስሰጠው አልቀመጥም አለ።

«ሰብስቤ፣ ገርባ አለ።»

«የቱ ገርባ?»

«የእልፍነሽ ነዋ! ድሬዳዋ ከምርኮኞቹ ጋር በዓይኔ አየሁት፤ ባቡሬ ሊነሣ ስለነበር አላናገርኩትም። ከስቷል፣ ካኪ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ነገ በሚመጣው ባቡር ይመጣል። እናቱን መድረኩ ላይ ሳያት ምላሴ ታሰረ፤ አልፌያት መጣሁ። አንተ ንገራት።» ይህን ብሎ ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ሊነሣበት ስለሆነ ሮጠ።

እኔ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተወጋ ትቼ ቆምኩ። ሄጄ ልነግራት ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ሐኪሙ ያለው ጆሮዬ ላይ ነው። ድንገት ብነግራት ልቧ ይቆማል፤ ዝም ብል ደግሞ ነገ የሞተ ልጇ ከባቡር ወርዶ ፓፓያዋ ፊት ይቆማል። በመጨረሻ ጋሽ መርዳሳንና መሪጌታ ወልደአማኑኤልን አስጠራሁ። በዚያ ዘመን ሦስት አራት ሰው ሱቅ ውስጥ ከተሰበሰበ የቀበሌ ጥበቃ ብቅ ብሎ «ምንድነው?» ማለቱ አይቀርም፤ እኛ «የእድር ጉዳይ ነው» ካልነው አንገቱን መልሶ ይሄዳል። ለእድር ያልተመለሰ አንገት የለም።

መሪጌታ በዲቁና ዘመናቸው ኢየሩሳሌም ካሉት መነኮሳቶቻችን ጋር ዓመታት ኖረው ዕብራይስጥ ተምረዋል። አንዲት በጨርቅ የተጠቀለለች የዕብራይስጥ መጽሐፍ አለቻቸው፤ መንግሥት ከእስራኤል ጋር ከተጣላ ወዲህ ከእኛ በቀር ለማንም አያሳዩዋትም። ደግ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ማስረዳት ከጀመሩ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደ ተበጠሰበት መኪና ናቸው፣ ማቆሚያ የላቸውም።

«ያዕቆብ ዮሴፍ ሞተ ተብሎ ስንት ዘመን አለቀሰ?» አሉኝ። «ከዚያ ልጆቹ ከግብፅ መጡና ዮሴፍ አለ አሉት። ምን ሆነ?»

«ደስ አለው» አልኩ፣ ቶሎ እንዲጨርሱ።

«አላለውም! እኛ ስናነበው ደነገጠ ብለን እናልፈዋለን። በዕብራይስጥ ያለው ቃል ግን ፑግ የሚሉት ነው። በመጽሐፉ ሁሉ ተፈልጎ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው። እጅህን ተንተርሰህ ተኝተህ ስትነሣ እጅህ የሌላ ሰው እጅ አይመስልህም? ትነካዋለህ፣ አይሰማህም። እሱ ነው። ሙቀቱ ይሸሻል፣ ጉልበቱ ይላላል። የያዕቆብ ልብ እንደዚያ ሆነ ነው የሚለው።» ከዚያ በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ዕንባቆም ላይም አለ። ሕግ እንደዚያ ሆነ ይላል፣ ፍርድ በጠፋ ጊዜ።»

«ዕንባቆምን ይተዉት መሪጌታ» አሉ ጋሽ መርዳሳ፣ እሳቸውም በሩን እያዩ።

«ልብ አድርጉ» አሉ መሪጌታ። «ያዕቆብን ያደነዘዘው ክፉ ወሬ አይደለም። ክፉውንማ ተሸክሞት ኖሯል። ደግ ወሬ ነው። ሰው እንዲህ ነው የተሠራው፤ ሐዘን የለመደ ልብ ደስታ ሲመጣበት ይበርዳል። ያውም እሱ ልቡ ያልታመመ ሰው ነበር።»

አሰለፈች ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሮ ወጣች። «አሁኑኑ ሄጄ ልንገራት። ልጅሽ መጣ ለማለት ጉባኤ አያስፈልግም።»

«ብትሞትብሽስ?» አልኳት።

ከንፈሯን ነከሰችና የጓዳውን በር ተደገፈች።

ጋሽ መርዳሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ በወጉ ነው የሚነገራት። ጎህ ሲቀድ፣ ቀስ ተብሎ፣ ሽማግሌ ባለበት። ከባድ ወሬ የምንናገርበት ሌላ መንገድ አለን እንዴ?»

እውነት ነው፣ አልነበረንም። የእኛ እድር ለሐዘን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው፣ የሚባለው ቃል ሳይቀር የታወቀ ነው። ለደስታ ግን ምንም የለውም። አሰለፈች ብቻ፣ «ለደስታም መርዶ? ጉድ ነው!» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች። በጧት አብራ እንድትመጣ ስጠይቃት ከእናንተ ጋር አልታይም አለችኝ።

አርብ ጧት ሦስታችንም በእትዬ እልፍነሽ በር ላይ ቆምን። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ አባርቷል፤ ጭቃው ጫማችንን ይዞ አይለቅም። ብርድ ስለነበረ ሁላችንም ጋቢ ተከናንበናል። እሷ ለባቡሩ ፓፓያዋን ቅርጫት ውስጥ እየደረደረች ነበር። ቀና ስትል አየችን።

ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌ በጋቢ ተጠቅልሎ ደጃፏ ላይ ሲቆም አገራችን ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሎሚ ደግሞ ዝዋይ ላይ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። እትዬ እልፍነሽ የያዘችው ፓፓያ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ።

«ሎሚ ናት?» አለች።

መሪጌታ ከያዕቆብ ጀምረው ቀስ ብለው ሊመጡ ነበር የተስማማነው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ጋሽ መርዳሳ ቀደሟቸው። ከሰው ደጃፍ በዚያ ሰዓት ቆመው ሌላ ቃል ተናግረው አያውቁም፤ አፋቸው ብቻውን ሄደ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

እሷ አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። ደጃፏ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እጆቿ ጭኗ ላይ ወደቁ። ዓይኗ እንደተከፈተ ነው፣ የሚያየው ግን የለም።

«አይደለም! አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ሎሚ ደኅና ናት! ገርባ ነው! ገርባ አለ፣ በሕይወት አለ፣ ዛሬ ይመጣል!»

ሦስታችንም አንድ ላይ ስንናገር፣ ስንምል፣ የኑሬን ስም ስንጠራ ሰማችን። ሰምታ ጨርሳ ፊቷ ሳይለወጥ፣ «ገርባን አልቅሼዋለሁ» አለች። «ደግማችሁ አታስለቅሱኝ።»

መሪጌታ ጭቃው ላይ ተንበርክከው እጇን ያዙ። ወደ እኔ ቀና አሉ። «በርዷል» አሉ። «ቃሉ ይኸው ነው ሰብስቤ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።» ስለ ቃል ያላቸው ደስታ ሁሉ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። እኔን የሐኪም ቤቱ ቃሬዛ ትዝ አለኝ።

ይህን ጊዜ አሰለፈች በነጠላ ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠች ደረሰች። ጩኸቴን ሰምታ ነው። «ዞር በሉ!» ብላ ሦስታችንንም በክርኗ ገፋችን፤ ጋሽ መርዳሳ እንኳን ተገፉ። እትዬ እልፍነሽ አጠገብ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አለ አላለችም፣ መጣ አላለችም፣ አልማለችም። ዝም ብላ እንደ ዘወትር ጨዋታ፣ «እልፌ፣ ኑሬ ትናንት እኛ ቤት ነበር» አለች። «ካኪ ሸሚዙ ገርባ ትከሻ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው የሚታየው አለ። ከስቷል። ምን እናብላው?»

አሰለፈች የወደቀውን ፓፓያ አንሥታ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገች።

«ምን እናብላው እልፌ? ከሰዓት ይደርሳል እኮ።»

የእትዬ እልፍነሽ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብለን አዳመጥን።

«ዛሬ አርብ ነው» አለች።

ወንዶቹ ተያየን። አልገባንም።

«ዛሬ አርብ ነው!» አለች፣ አሁን ጠንከር ብላ፣ ዓይኗም ጋሽ መርዳሳ ላይ አረፈ። «ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቶ በጾም ቀን ይመጣል? ዶሮ አይታረድ፣ ቅቤ አይነካ! ትናንት የሰማችሁትን ለምን ትናንት አትነግሩኝም? ሐሙስን በላችሁብኝ እኮ!» ከዚያ ኦሮምኛው መጣ። ጋሽ መርዳሳ ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት ስለሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ተማሪ ቆሙ። እኔ ጥቂቱን ብቻ ሰምቼ የቀረውን ባለመስማቴ አመሰገንኩ።

«ዓሣ ይበላል፣ እትዬ እልፍነሽ» አሉ መሪጌታ በቀስታ።

«የዝዋይን ሰው ስለ ዓሣ ሊያስተምሩ ነው መሪጌታ?» አለችና እዚያው ቃሏ ላይ እንባዋ ገነፈለ። አሰለፈች ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ እያለቀሰች «ቆሮሶ ነው የሚወደው፣ ጭንቅላቱን ነው የሚወደው» ትል ነበር። መሪጌታ እጇን መልሰው ሲነኩት ሞቋል። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ፈጣሪዬን ያመሰገንኩት ያኔ ነው፣ ከልቤ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ።

ወደ ገበያ ዓሣ ልገዛ ስላክ መሪጌታ ተከተሉኝ። እንደ ፈራሁትም ጀመሩ። «ያዕቆብም እኮ ነፍሱ የተመለሰችው ወሬውን ሲሰማ አይደለም። ሊወስዱት የተላኩትን ሠረገላዎች ሲያይ ነው። ይህን እንዴት ረሳሁት? ጭነው፣ ተነሥተው የሚሄዱ ነገሮች። ደስታ ሥራ ይዞ ካልመጣ ልብ አያምነውም። ባለቤትህ ሳታነብ…»

«ባለቤቴን ያመስግኗት መሪጌታ፣ ዓሣው እያለቀ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ከዝዋይ የመጣችው መኪና ላይ ከነበረው ትልልቁን መርጠን ገዛን።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ላይ የሠፈሩ ሰው በሙሉ ነበር። አንድም ሰው ቀድሞ እልል እንዳይል ጋሽ መርዳሳ አስጠንቅቀዋል፤ ለእትዬ እልፍነሽም ከእድሩ ወንበሮች አንዱን አምጥተው መድረኩ ላይ አስቀመጡላት። «ለማን ነው? ሰው ሞቷል?» ብላ ሳትቀመጥ ቀረች። የአሰለፈችን ነጭ ነጠላ ለብሳለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እንደ ሞኝ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ብትወድቅ ልይዛት።

ባቡሩ መጣ። ቆመ። በሦስተኛው ፉርጎ በር ላይ ገርባ ታየ። ጺሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ካኪው ሸሚዝ ኑሬ እንዳለው ነው። ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ እናቱን አየ።

ደረጃው ላይ ቀረ። ሰው «ገርባ! ገርባ!» ይላል፣ እሱ አይሰማም። የያዘው ጨርቅ ከረጢት ከእጁ ወርዶ ሐዲዱ ላይ ወደቀ፣ ዞሮም አላየው። ያኔ አንድ ነገር ገባኝና ራሴን ያዝኩ። ከትናንት ጀምሮ ስለ እናቱ ልብ ስንመክር፣ ስንሟገት፣ መጽሐፍ ስንጠቅስ፣ እናትህ አለች ብሎ ለእሱ የነገረው አንድ ሰው አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዓመት ከቤቱ አንድ ወሬ አልደረሰውም። ኋላ እንደነገረን እናቱ በሐዘኑ የሞተች፣ ቤቱም ሌላ ሰው የገባበት መስሎት ነበር፤ የመጣውም መቃብሯን ጠይቆ ለማየት ነው።

ሁላችንም ደነገጥን። ከመካከላችን ምን እንደሚደረግ ያወቀችው ግን እትዬ እልፍነሽ ብቻ ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ወደ በሩ ሄደች። ለሰላሳ መስኮት በቀን የምትዘረጋውን እጇን ወደ ላይ ዘረጋችለት። አልጠራችውም፣ አላለቀሰችም። ዘርግታ ቆየች። ፊሽካው ተነፋ፤ እጇ ግን አልወረደም፣ አልተንቀጠቀጠም።

አጠገቤ መሪጌታ ማንሾካሾክ ጀመሩ። «መዝሙሩ ላይም ያ ቃል አለ» አሉ። «በመከራዬ ቀን እጄ ተዘርግታ ዋለች፣ አልደነዘዘችም ይላል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም እንዲሉ አልፈለግኩም።

«ኮቱ፣ ኢልማ ኮ» አለችው፣ ና ልጄ ብላ፣ ቀስ ብላ።

ገርባ ጎንበስ ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። መዳፏን አገላብጦ አየው። ፓፓያ ያጠቆረውን አውራ ጣቷን ዳሰሰ።

«እማዬ… አለሽ?» አለ።

«አለሁ» አለችው። «ውረድ፣ ባቡሩ ሊሄድ ነው።»